አባቴ ሜዳውን በሞተር ሲከፍት

አባቴን ሞተር መንዳት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ሌላ ሰው ቀድሞኝ እንዳይናገረው ነው፤ በጃናሞራ ወሬ ከእኔ ሞተር ይፈጥናል። መካነ ብርሃን ገበያ ላይ ታሪኩን የሚያወሩ ሰዎች አባቴ ከሰማይ እንደወረደ፣ ሽማግሌዎቹም አርባ እንደነበሩ ይናገራሉ። ሽማግሌዎቹ ሰባት ነበሩ። ሲቀመጡም ሲሮጡም ቆጥሬያቸዋለሁ።

አባቴ ካሣዬ ይባላል። ዕድሜው ስልሳ አራት ነው። ገብስና ባቄላ ያርሳል፣ በግ ያረባል፣ በማኅበር ላይ ጠላው ቀጠነ ብሎ ያጉረመርማል። በዓመት ውስጥ ግን ለእሱ ቀን የሚባለው አንድ ነው፤ ጥር አሥራ ሁለት። ያን ቀን በእኛ ቀበሌ የሚካኤል ታቦት ከጥምቀተ ባሕሩ ተመልሶ መንበሩ ሲገባ ፈረሰኞች ጉግስ ይጫወታሉ። ከጨዋታው በፊት ግን አንድ ሰው ብቻውን ወጥቶ ሜዳውን ይከፍታል። ከላይ ካለው ትልቅ ጽድ ሥር ይነሣና፣ በሜዳው ታችኛው ጫፍ ድንጋይ ላይ ወደተቀመጡት ሰባት ሽማግሌዎች ሽምጥ ይጋልባል። የፈረሱ ትንፋሽ ፊታቸውን ሊነካ ሲል ቀጥ አድርጎ ያቆማል። ርቆ ያቆመ እንደሆነ ፈራ ይባላል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ካፈገፈገ ደግሞ ያፈገፈገው ዓመቱን ሙሉ ይሳቅበታል።

ሜዳ ከፋቹ የሚይዘው አንድ አሮጌ የጉማሬ አለንጋ አለ። ማን እንደሠራው የሚያውቅ የለም። ሰውየው ሜዳ መክፈት አንድ ዓመት እስኪያጓድል ድረስ አለንጋው በቤቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። አንድ ጥር ካጓደለ ግን ለሚቀጥለው ያስረክባል፤ ተመልሶም አይጠይቅም። በውሰት ፈረስም አይከፈትም።

አለንጋው እኛ ቤት ሃያ ስምንት ዓመት ተሰቅሏል። እኔ ስወለድ እዚያው ነበር። በእነዚህ ሃያ ስምንት ዓመታት ሁሉ ተራውን የሚጠብቀው ጎረቤታችን አያ ሸዋአየሁ ነው። ከአባቴ በአራት ዓመት ያንሳል፤ ጥሩ ፈረሰኛ ነው፤ ጥሩ ሰውም ነው። በየዓመቱ ከጥምቀት አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ቤታችን ይመጣና አለንጋው ሥር ይቀመጣል።

"አያ ካሣዬ፣ ወገብህ እንዴት ከረመ?" ይላል።

"ለአንተ የሚመች አይደለም፤ ደህና ነው" ይላል አባቴ።

እኔ የመጨረሻ ልጁ ነኝ፤ ስሜ ዓይናዲስ። ስምንተኛ ክፍል ስጨርስ አባቴ "ለሴት ልጅ ይበቃል" አለ፤ መካነ ብርሃን ወርጄ ቀጠልኩ። "መካነ ብርሃን ይበቃል" አለ፤ ጎንደር ገባሁ። "በቃ ተመለሺና ቢሮ ቁጭ በይ" ብሎ በሰው ላከብኝ፤ የእንስሳት ጤና ተምሬ፣ ተራራ ለተራራ እየዞርኩ በሬ የምከትብ ሆንኩ። "እሺ፣ በበቅሎ ሂጂ" አለ። ሞተር ገዝቼ መጣሁ።

ሞተሩ የአስፋልት ሞተር አይደለም። ቁመቱ ረጅም፣ ጎማው ጥርሳም፣ ለጭቃና ለአቀበት የተሠራ ነው። ጎንደር ማራኪ ሰፈር ተከራይቼ ስኖር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው ወጣ ብሎ ድንጋይ ተፈልጦ ባለቀበት ሜዳ የሚዘሉ ልጆች ነበሩ። ከሰልባጅ ተራ የገዙትን የባዕድ ተወዳዳሪ ሹራብ ለብሰው፣ ጀርባቸው ላይ የማያውቁትን ሰው ስም ተሸክመው፣ የአፈር ክምር ላይ ተንደርድረው ይወጡና ወደ አየር ይወረወራሉ። አንዱ ጓደኛቸው በስልክ ይቀርጻል። በሰላም ያረፈውን ቪዲዮ ማንም አያየውም፤ የወደቀውን ግን ከተማው ሁሉ ይቀባበለዋል። ከመካከላቸው አንዱ ክንዱን ሰብሮ እናቱ "ወይ እኔ ወይ ሞተሩ" ብትለው፣ ሁለት ቀን አስቦበት ሞተሩን ለእኔ ሸጠልኝ። ፊቱ ላይ የተለጠፈበት የውድድር ቁጥር እንዳለ ነበር፤ ሰባት።

አባቴ መጀመሪያ ያየው ያንን ነው።

"ይሄ ሰባት ምንድን ነው?"

"የተወዳዳሪ ቁጥር ነው አባዬ።"

"ሰባተኛ የወጣ ነዋ! ምነው፣ አንደኛ የወጣ አጣሽ?"

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ እጁን አላሳረፈበትም። ግቢ ውስጥ ሳቆመው ጆንያ ያለብሰዋል። ከዝናብ ሊጠብቅልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እናቴ እቴነሽ ናት እውነቱን የነገረችኝ፦ "ዳማ እንዳያየው ነው እኮ። ፈረሱ ቅር ይለዋል ብሎ ነው።"

ዳማ የአባቴ ፈረስ ነው። ነበር። አባቴ ከውርንጭላነቱ አሳድጎ፣ ራሱ ገርቶ፣ አሥራ ሦስት ዓመት ሜዳ የከፈተበት ፈረስ። ባለፈው ኅዳር ሆዱን ታመመ። እኔ ሁለት ሸለቆ ተሻግሬ በጎች እየከተብኩ ነበር፤ ሰው ልከውብኝ በሞተሩ ስበር ደረስኩ። ከቀትር ጀምሮ የማውቀውን ሁሉ አደረግሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ። አባቴ አንድ ቃል አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ እወድ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ የፈረሱን ስም አልጠራም፤ መጥራት ሲኖርበት "ያ" ይላል።

አያ ሸዋአየሁ ሊያስተዛዝን መጣ። ከልቡ አለቀሰ፤ ዳማን ይወደው ነበር። ካለቀሰ በኋላ እንባውን በጋቢው ጠረገና ቀና ብሎ አለንጋውን አየ።

"ጥርን እንግዲህ እንዴት ታስበዋለህ፣ አያ ካሣዬ?"

ለጉግስ የሚሆን ፈረስ በሁለት ወር አይገራም፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። ያን ሰሞን አባቴ ምግብ ቀነሰ። አለንጋው በተሰቀለበት ግድግዳ በኩል ፊቱን አዙሮ መቀመጥ ተወ። እናቴ "ፈረሱ ሞተ እንጂ አንተ አልሞትክ፤ ብላ" ብትለውም አይሰማም። አንድ ሰው ሜዳ ባይከፍት ምን ይሆናል ብላችሁ ልትስቁ ትችላላችሁ። እኔም ጎንደር ሳለሁ እስቅ ነበር። ያን ሰሞን ግን አባቴን ላጣው ነው ብዬ ፈራሁ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ በስልኬ የሞተር ውድድር አያለሁ። ሠላሳ ሞተር በአንድ ጊዜ ተነሥቶ፣ ጭቃ እየረጨ፣ በአፈር ጉብታ ላይ እየተወረወረ የሚሽቀዳደምበት ነው። አባቴ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። የማያይ መስሎ ያያል።

"ማንን ነው የሚያባርሩት?" አለ።

"ማንንም አያባርሩም፤ ይሽቀዳደማሉ።"

"ጋሻቸውስ?"

"ጋሻ የላቸውም።"

"ጋሻ ሳይዙ!" አለና ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። "ይሄ ባለ ቀዩ መቀመጫው ሸጋ ነው። እርካቡ ላይ ቆሞ ጉልበቱን ፈታ አድርጎታል። ያ ሰማያዊው ግን ጆንያ ነው፤ አሁን ይወድቃል።"

ሰማያዊው በሚቀጥለው ጉብታ ላይ ወደቀ። አባቴ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። "ድገሚው" አለኝ። አምስት ጊዜ አስወደቅሁለት። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሞተሩ ሄደ፣ ጆንያውን ገለጠ፣ ዞር ዞር ብሎ አየው፣ ጎማውን በእግሩ ነካ አደረገ።

"ለመሆኑ ይሄ ነገርሽ ይገራል?" አለኝ።

ያኔ ነው አይሆንም ማለት የነበረብኝ። ምግብ ይበላልኝ ብዬ "ይገራል" አልኩ።

ከቤታችን በታች ባለው፣ ገብሱ በታጨደበት ማሳ ላይ ጀመርን። ሚዛን መጠበቅ አላስቸገረውም፤ ገና በመጀመሪያው ቀን እርካቡ ላይ ቆሞ ነዳ። እርካብ የሚለው የሞተሩን እግር መርገጫ ነው። ማርሹንና ፍሪሲዮኑን በሁለተኛው ቀን ለመደ። እናቴ ከላይ ሆና እየተመለከተች "ስልሳ አራት ዓመት ቆይቶ ልጅነቱ ዛሬ መጣበት" ትላለች። ግን እንጀራውን ሁለት ሁለት እየበላ ስለሆነ ብዙ አልተቆጣችም።

ያቃተን ማቆም ነው። የሞተር ነዳጅ መስጫ በቀኝ እጅ መያዣው ላይ ነው፤ ወደ ራስህ ካዞርከው ይፈጥናል። ፈረስ ደግሞ ልጓሙን ወደ ራስህ ከሳብከው ይቆማል። አባቴ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ማቆም በፈለገ ቁጥር ሁለት እጁን ወደ ደረቱ ሲስብ የኖረ ሰው ነው። ስለዚህ ሊያቆም ሲል ይስባል፤ ሲስብ ሞተሩ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን አባቴ የባሰ አጥብቆ ይስባል። ፍሬኑ እግሩ ሥር ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

በሦስተኛው ቀን እንዲሁ እየሳበ፣ "ቁም! ቁም አንተ!" እያለ፣ ማሳውን ጨርሶ፣ ድንበሩን ዘልሎ የአያ ሸዋአየሁ ጭድ ክምር ውስጥ ገባ። ከውጭ የሚታየው የኋላው ጎማ ብቻ ነበር። አባቴ በሌላኛው በኩል ጭድ በጭድ ሆኖ ወጣ። አያ ሸዋአየሁ መንሹን ይዞ ቆሞ ነበር።

"አያ ካሣዬ፣ ምነው ጭዴን ለብረት ታበላዋለህ?"

አባቴ ከጢሙ ላይ ጭድ እያራገፈ "እየገራሁት ነው" አለ።

"ለምን?"

አያ ሸዋአየሁ አባቴን አየ፣ ጎማውን አየ፣ እኔን አየ፤ ገባው። መንሹን ጥሎ በቀጥታ ወደ መሪጌታ ገብረ ሚካኤል ሄደ።

መሪጌታ የሰባቱ ሽማግሌዎች አንጋፋ ናቸው። በሚቀጥለው ሰንበት በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ እኛም ቀረብን።

"ፈረስ ነፍስ አለው፤ ይሄ ነፍስ የለውም" አለ አያ ሸዋአየሁ።

"የአንተ አባት በበቅሎ ሲጫወት ማን ከለከለው?" አለ አባቴ።

"በቅሎ እኮ ትበላለች።"

"ይሄስ አይበላም? ጭድህን ራስህ አይተሃል።"

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። አያ ሸዋአየሁ ግን አልተፈታም፦ "እሺ፣ በውሰት አይከፈትም ተብሏል። ሞተሩ የልጁ እንጂ የእሱ አይደለም።"

"ልጅቱስ የማን ናት?" አለ አባቴ።

እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ ያለውን ክርክር በደንብ አልሰማሁትም። አባቴ በሰው ፊት እንዲያ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

መሪጌታ ጢማቸውን ሲያሹ ቆይተው ፈረዱ፦ "ከጽዱ ተነሥቶ እንደ ፈረስ ይምጣ። ፊታችን ደርሶም እንደ ፈረስ ይቁም። ከቆመ ሜዳው ተከፈተ፤ ካሣዬም አለንጋውን ይያዝ። ካልቆመ አለንጋው የሸዋአየሁ ነው።" ሌሎቹ ተነሥተው ሲሄዱ እኔን በዓይናቸው ጠርተው ቀስ ብለው "ከበዓሉ በኋላ እኔንስ ከኋላሽ አድርገሽ አንድ ጊዜ ብታዞሪኝ?" አሉኝ። እንዲያውም አባቴ ሄዶ "ሰባት በሚለው ላይ አንድ ይጻፉልኝ" ቢላቸው፣ ለድርሳን በሚጠቀሙበት ቀይ ቀለም ቁልጭ ያለ ፩ ጻፉለት። አያ ሸዋአየሁ "ዳኛ ለተከራካሪ ይጽፋል እንዴ!" ብሎ ሳምንቱን ሙሉ አጉረመረመ።

የቀሩንን ሦስት ሳምንታት ማቆም ስንማር ከረምን። ሞተሩን አጥፍቼ አስቀምጠውና "ቁም!" ብዬ እጮሃለሁ፤ አባቴ በቀኝ እግሩ ፍሬኑን ይረግጣል። ሞተሩ ጠፍቶ ከሆነ እንደ እሱ የሚያቆም የለም። ሞተሩ ሲነሣ ግን እጁ ይቀድማል። እጁን እመታዋለሁ፤ ይስቃል፤ እንደገና ይስባል። በመጨረሻ ዘዴ አበጀሁ። ነዳጅ መስጫው ከጥቂት በላይ እንዳይዞር በጠንካራ ሲባጎ አሰርኩት። ከዚያ በኋላ ቢስበውም ሞተሩ ከሰጋር በቅሎ አይበልጥም ነበር። አባቴ ሲባጎውን ስላላየ ሞተሩ ያረጀ መስሎት ፊቱን አጨማደደ፤ እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እፎይ አልኩ።

ጥር አሥራ ሁለት ደረሰ። ታቦቱ በዝማሬና በእልልታ ገባ። ሕዝቡ ወደ ሜዳው ጎረፈ። ሽማግሌዎቹ ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ። ከኋላቸው ሜዳው ያልቃል፤ ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ያለ እርከን አለ፤ ከእርከኑ በታች ትናንት የተባረከው ጥምቀተ ባሕር ውሃው እንደሞላ ተኝቷል። ይህን ሁሉ አስቀድሜ አይቼ ነበር። ሲባጎውን ስለተማመንኩ አልፈራሁም።

ሞተሩን ጽዱ ሥር አቆምነው። አባቴ የዳማን ግላስ፣ ያንን ባለ ጥልፍ የፈረስ ልብስ፣ ነዳጅ ታንኩ ላይ አልብሶታል፤ ቀያዩን መርገፍ መሪው ላይ አስሯል። እኔ ሄልሜት ካላደረግህ አትነሣም አልኩ፤ እሱ ያለ አንበሳ ጎፈር ሜዳ ከፍቼ አላውቅም አለ። ስለዚህ ሄልሜቱን አድርጎ ጎፈሩን ከላዩ ደፋበት። ጋሻው ጀርባው ላይ፣ አለንጋው መታጠቂያው ላይ። ከቅጥሩ ወዲያ ፈረሶቹ ተሰልፈዋል፤ ከፊት አያ ሸዋአየሁ በግራጫ ፈረሱ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ነክሷል።

"በቀኝ እግርህ አባዬ" አልኩት። "እጅህን እርሳው።"

"እጄን ረሳሁት" አለ። ከዚያ ወደታች አየ። "ይሄ ሲባጎ ምንድን ነው?"

"ለጥንቃቄ ነው።"

"ሰው ሁሉ እያየ በበቅሎ እርምጃ ሜዳ ልከፍት ነው?"

"አባዬ፣ እንዳትነካው..."

ካራውን መዘዘና ቆረጠው።

ሞተሩ ጮኸ። አባቴ ሄደ። እግዚአብሔር ያውቃል፤ አካሄዱ ሸጋ ነበር። እርካቡ ላይ ቆሞ፣ ጉልበቱን ፈታ አድርጎ፣ ጎፈሩ በነፋስ ወደ ኋላ ተኝቶ፣ አቧራው እንደ ግድግዳ ከኋላው እየተነሣ። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ጮኸ። ስልኬ ውስጥ ያለው ባለ ቀዩ ልጅ ቢያየው ይቀና ነበር። እኔ ግን ከኋላው እየሮጥኩ "በእግርህ! በእግርህ!" እላለሁ፤ ማንም አይሰማኝም።

ሽማግሌዎቹ አልተነቃነቁም። ሃምሳ እርምጃ ቀረ፤ አልተነቃነቁም። ሃያ ቀረ። መሪጌታ ጃንጥላቸውን አጥብቀው ያዙ። ያኔ አባቴ በሜዳው ሙሉ በሚሰማ ድምፅ ጮኸ፦

"ዳማ! ቁም ዳማ!"

ሁለት እጁንም ወደ ደረቱ ሳበ።

ሞተሩ አገሣ፤ የፊት ጎማው ወደ ሰማይ ተነሣ። ሰባቱ ሽማግሌዎች ሦስቱ ወደ ግራ፣ አራቱ ወደ ቀኝ ሆኑ። መሪጌታ ከሁሉም ቀደሙ፤ በሰባ ስድስት ዓመታቸው እንደዚያ መሮጥ እንደሚችሉ ሚስታቸውም አታውቅም ነበር። አባቴ በተከፈተለት መካከል አለፈና ከእርከኑ ላይ ወደ አየር ወጣ። ጋሻው፣ ጎፈሩ፣ ፩ ቁጥሩ፣ ሁሉም አንድ ላይ ሲበሩ አየሁ። ከዚያ ከታች ትልቅ የውሃ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ምንም ድምፅ አልነበረም።

ሞተ ብዬ ነው የሮጥኩት። የሲባጎውን ነገር፣ የኅዳሩን ነገር፣ "ይገራል" ያልኩትን ነገር እያሰብኩ ሮጥኩ። እርከኑ ጫፍ ላይ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ጎፈሩ ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ ነው። ቀጥሎ አባቴ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሟል። ሄልሜቱ በግማሽ ዞሮ አንድ ዓይኑን ጋርዶታል። አለንጋውን እንዳይረጥብ በእጁ ከፍ አድርጎ ይዞታል። እየሳቀ ነበር፤ እያለቀሰም ነበር፤ ከውሃው የተነሣ የቱ የበለጠ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።

"ሰማሽኝ? ጠራሁት እኮ" አለኝ።

"ሰማሁህ" አልኩት። እኔም አለቀስኩ።

ጎትተን አወጣነው። አንድ ቦታ እንኳ አልተጫረም። ሕዝቡ በእልልታ አበደ፤ ልጆቹ "ይደገም!" ይላሉ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ወደ ድንጋያቸው ተመለሱ፤ አንዳቸውም የሌላውን ዓይን አያይም። ያፈገፈገ ይሳቅበታል፤ ሰባቱም ካፈገፈጉ ምን እንደሚደረግ ግን ደንቡ አይናገርም። መሪጌታ ጃንጥላቸውን አስተካክለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እኛ አልሸሸንም" አሉ። "ክብር ልንሰጠው ተነሣን።"

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። "ተነሣን፣ ተነሣን" አሉ። መሪጌታም ቀጠሉ፦ "ካሣዬ ፊታችን ደርሷል። ለጥቂት ጊዜም ቢሆን... የፊቱ ጎማ ሲነሣ ቆም ያለ መስሎኛል። አልቆመም ወይ?"

ሽማግሌዎቹ "ቆሟል፣ ቆም ብሏል" አሉ። ነገሩ ገባኝ፤ ቆመ ካልተባለ፣ ሸሹ ሊባል ነው። አለንጋው በአባቴ እጅ ሊቀር አንድ ቃል ቀረው። ሁሉም እሱን ተመለከቱ።

አባቴ ልብሱ ውሃ እያንጠባጠበ ቆመ። አለንጋውን አየው። ከዚያ አያ ሸዋአየሁን አየው።

"አልቆምኩም" አለ።

"አያ ካሣዬ..." አለ አያ ሸዋአየሁ።

"አልቆምኩም፤ ሽማግሌዎቹም ሮጠዋል። ባይሮጡ ኖሮ ዛሬ ስለ ሌላ ነገር እያለቀስን ነበር።" ወደ ግራጫው ሄደና አለንጋውን ሰጠው። "ቶሎ በል፤ ፀሐይ እየሄደች ነው።"

አያ ሸዋአየሁ ሃያ ስምንት ዓመት የጠበቀውን ነገር ተቀብሎ የት እንደሚያደርገው ጠፋው። አንድ ጊዜ መታጠቂያው ላይ፣ አንድ ጊዜ እጁ ላይ። ወደ ጽዱ ሲሄድ ሁለት ጊዜ ዞሮ አባቴን አየ። ከዚያ ጋለበ፤ ግራጫው የሽማግሌዎቹን ጢም እስኪያርገበግብ ድረስ ቀርቦ ቀጥ አለ። ሽማግሌዎቹ አልተነቃነቁም። ከዚያ ሁሉ በኋላ ፈረስ ሊያስፈራቸው አልቻለም።

"እጁ ሸጋ ነው" አለ አባቴ፣ የእናቴን ጋቢ ተከናንቦ እየተንቀጠቀጠ። "ወገቡ ግን ትንሽ ያዘው። በሚቀጥለው ዓመት ሄጄ ወገቡን እጠይቀዋለሁ።" እናቴ "አንተን መጀመሪያ ማን ይጠይቅህ!" አለችው።

እኔ ካንዴላውን ፈትቼ አደረቅሁ፣ ከጭስ ማውጫው ማርሚታ ውሃ አፈሰስኩ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሞተሩ ተነሣ። የመሪጌታ ፩ ታጥቦ ሄዶ ከሥሩ ሰባት ቁጥሩ ወጥቷል። አባቴ አጠገቤ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ሥራዬን ያያል። ሦስት ሳምንት ሙሉ የመታሁትን ቀኝ እጁን በግራ እጁ ያሻሻል።

"እግሬ ተምሯል" አለ። "እጄ ነው እምቢ ያለኝ። ማቆም ማለት መሳብ ነው ብሎ ያምናል።"

"አውቃለሁ አባዬ።"

አባቴ ሞተሩን እንጂ እኔን ሳያይ፣ "አንቺንም እንዲሁ ነው ያደረግሁሽ" አለ። "ስምንተኛ ክፍል ላይ ሳብኩሽ፤ መካነ ብርሃን ላይ ሳብኩሽ። በሳብኩሽ ቁጥር ስትበሪብኝ 'ይቺ ልጅ ምን ሆነች' እያልኩ ይብስ አጥብቄ እስባለሁ።"

ካንዴላውን እንደገና ፈታሁት። ምንም አልሆነም ነበር።

"ንጂ፤ በረደኝ" አለ።

ከኋላዬ ተቀመጠ። እኔ በምነዳው ሞተር ላይ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው። መታጠቂያዬን በሁለት እጁ ያዘ፤ ጋሻው ጀርባው ላይ፣ እርጥቡ ጎፈር ጭኑ ላይ። ወደ ቤታችን የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ነው፤ ጠጠራም ነው። ሆን ብዬ ትንሽ ፈጠንኩ። ከዚያም ትንሽ ጨመርኩ። ቤት እስክንደርስ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ኋላ አልሳበኝም።